«ወረረ» ለማለት የማይቸኩሉ ሰው

ሸምሱ ደውሎ «ታዬ አረፉ» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግነውን ታዬን ነበር። ከግማሽ ሰዓት በፊት ሰላም ብዬው ስለነበር ግራ ገባኝ። «አረፉ» ማለቱም አልገጠመልኝም፤ ጎማ ጠጋኙ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ሸምሱ «የእኛው ታዬ፣ ጋሽ ማንዛ ናቸው። ነገ ጨንቻ ይቀበራሉ። መኪና አግኝቻለሁ፤ ትሄዳለህ?» አለኝ። እሄዳለሁ አልኩት። የጀመርኩትን ማመልከቻ ጨርሼ ለባለጉዳዩ ሰጠሁና ሱቁን ዘጋሁ። ኅዳር 2012 ነበር።

ታዬ ስማቸው አልነበረም። ስሙን ያወጣላቸው ሸምሱ ራሱ ነው። እንዴት እንዳወጣላቸው ለመናገር ግን ከእሳቸው ሥራ መጀመር አለብኝ።

ሲቀላ ከመግባቴ በፊት ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ይዤ የሰው ማመልከቻ፣ ውልና የእድር ደንብ እጽፋለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። አማርኛ ያስተማረኝ ሸምሱ ስኳር የሚጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣና ጀርባው የተገነጠለ አንድ መዝገበ ቃላት ነው። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ ከእኔ ግድግዳ ቀጥሎ የእህልና የሸቀጥ ሱቅ ነበረው። ጋሽ ማንዛ ደግሞ በአንድ የእርሻ ጽሕፈት ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበሩ። ማሳ ለማሳ እየዞሩ ተባይና በሽታ ያያሉ፤ ያዩትን በእጃቸው ጽፈው በየሳምንቱ ዓርብ ወደ እኔ ያመጣሉ፤ እኔ ጽፌ አትምላቸዋለሁ።

አጭር ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ ጥቁር የጎማ ቦት ጫማ ያደርጋሉ። የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማጉያ መነጽርና በክር የታሰረ እርሳስ አይጠፋም። ቁጥር ከመናገራቸው በፊት በግራ እጃቸው አውራ ጣት የቀኙን መዳፍ ይጫኑ ነበር፤ ቁጥሩ እዚያ የተጻፈ ይመስል ነበር። ማሳ ውስጥ ሲሄዱ ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ እየተጣመሙ ከዳር እስከ ዳር ይሄዱና አምስት ቦታ ይቆማሉ። በየቆሙበት ሃያ አገዳ ያያሉ። የበቆሎውን እምብርት ገለጥ አድርገው እንደ ሰጋቱራ ያለ ኩስ ካገኙ አንድ ብለው ይቆጥራሉ። ሲጨርሱ መቶ አገዳ አይተዋል ማለት ነው። ገበሬው አብሯቸው ሆኖ «ኧረ ሁሉም ተበልቷል» ቢላቸውም ዘጠና ዘጠኝ ላይ አያቆሙም።

ትውልዳቸው ጨንቻ ነው፤ አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው። አማርኛቸው ወንድና ሴት ያደባልቃል። «ማርታ መጣና ንቡን አሳየኝ» ይላሉ። ወዲያው ደግሞ ዛፉን «ደረቀች» ይሉታል። ማጥበቅና ማላላትም ያስቸግራቸው ነበር። አንድ ቀን ጽሕፈት ቤታቸው በር ላይ አንድ አዲስ የተቀጠረ ወጣት ባለሙያ ስለ ታችኛው ቀበሌ በቆሎ ይጠይቃቸዋል። «ተምች ይወርራል ወይ» ያለውን ሲመልሱ «አይ፣ ገና አይወራም» አሉት። ልጁ ሳቀና «ጋሽ ማንዛ፣ ወሬውን የሚያወራው ማነው፣ ተምቹ ነው?» አላቸው። በሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልተቆጡም። ትንሽ አሰቡና እየጎተቱ፣ «ረ»ን ሁለት ጊዜ እየረገጡ «ልክ ነህ። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ተምች ይወራል እንጂ አይወርርም» አሉ። ከዚያ በኋላ ይህቺን ነገር በየስብሰባው ይናገሯት ነበር፤ የልጁን ቀልድ የራሳቸው አደረጉት።

ስለ ቃል ግድ እንደሚላቸው ያወቅሁት ገና በሁለተኛው ወር ነው። «በቆሎው በነቀዝ ተመታ» ብዬ ጽፌ ስሰጣቸው ወረቀቱን መለሱልኝ። እኔ ያሰብኩት አማርኛቸውን ላስተካክልላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን የእኔን አስተካከሉ።

«ዋግ ነው የሚመታ» አሉኝ። «ነቀዝ ይነቅዛል። ምስጥ ይበላል። ቅማል፣ ትኋን ይፈላል። አንበጣ ይሰፍራል። ለሁሉም የየራሱን ስጠው።»

«ወረረስ ለየትኛው ነው?»

«ወረረ የጦር ቃል ነው። ተባይ ተውሶት ነው። ጦር ብዙ ስለሆነ ብቻ ወረረ አይባልም፤ አገሩን ከባለቤቱ ሲቀማ ነው። ማሳም እንደዚያ። ባለቤት ሲቀይር ነው ወረረ የምትለው። ከዚያ በፊት ያለው ታየ ነው፣ ገባ ነው፣ በዛ ነው።»

ይህን ቃል በሥራ ዘመናቸው ጽፈውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ አሉኝ። ወጣት ሳሉ አንድ ቆላ ውስጥ ማሽላ ላይ ግሪሳ ወፍ ይመጣል። ባለማሳው ከነቤተሰቡ ሦስት ቀን ጣሳ ሲደበድብና ወንጭፍ ሲያጮህ ከረመ። በአራተኛው ቀን ጋሽ ማንዛ ሲደርሱ ሰውዬው ማሳው ዳር፣ ድንጋይ ላይ፣ ጀርባውን ለማሽላው ሰጥቶ ተቀምጧል። ወፎቹ ስንት እንደነበሩ ጠየቅኋቸው። «ወፉን አልቆጠርኩም» አሉኝ። «ሰውዬውን አይቼ ነው የጻፍኩት።»

የሸምሱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት የሱቄ በር ላይ ሲያገኛቸው «ጋሽ ማንዛ፣ አይጥ ወረረኝ፤ መድኃኒት ካለዎት» አላቸው። መድኃኒት አልሰጡትም። ዱቄት ጠየቁትና ማታ ሱቁን ሲዘጋ በጆንያዎቹ ዙሪያ ወለሉ ላይ በስሱ እንዲነሰንስ ነገሩት። በማግስቱ ማልደው መጥተው በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በማጉያው ዱቄቱ ላይ ያለውን ዱካ አዩ። ብዙ ቆዩ። ሸምሱ ደንበኛ እያስተናገደ በላያቸው ላይ ይረማመድ ነበር። ሲነሡ መዳፋቸውን ተጫኑና «ሁለት ናቸው። አንዷ እግሩ ያነክሳል» አሉ።

«እሺ፣ ሁለት አይጥ ምን ይባላል ታዲያ?» አለ ሸምሱ።

«ታየ ይባላል። ሱቁን ለአይጦቹ ትተህ የወጣህ ቀን ጥራኝና ወረረ ብዬ እጽፍልሃለሁ።»

ሸምሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ታዬ» ይላቸው ጀመር። ስሙ ከሱቅ ወደ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ወደ ገበያ ሄደ። በኋላ ላይ ከሌላ ወረዳ የመጣ ሰው «አቶ ታዬን ፈልጌ ነበር» ብሎ ወደ እኔ ሲገባ ማንን እንደሚል አውቃለሁ። አይጦቹን ሸምሱ በወጥመድ ያዛቸው። አንዷ የፊት እግሯ እውነትም የተቆረጠ ነበር።

አሁን ወደ ሰኔ 2009 ልምጣ። ያን ዓመት አዲስ ዓይነት ተምች አገር ውስጥ ገባ ተብሎ ሬዲዮው ሁሉ ስለ እሱ ያወራ ነበር። ገበሬው በየማሳው ቅጠል እየገለጠ ያያል። ጋሽ ማንዛ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ዞሩ። ያመጡልኝ ሪፖርት ስለ ታችኛው ቀበሌ ነበር፤ በሦስት ማሳዎች ላይ ከመቶ አገዳ ሰባት፣ አምስትና ዘጠኝ ላይ ትሉን አግኝተዋል። ትሉን በእጅ እየለቀሙ መግደል እንደሚበቃ፣ በቆሎው አበባ ስለያዘና በአካባቢው ንብ ስላለ ርጭት እንደማያስፈልግ ጽፈዋል። መጀመሪያው ላይ እንዲህ ይላል፦ በአንደኛው ማሳ ተምች ታየ፤ በሁለተኛው ማሳ ታየ፤ በሦስተኛው ማሳ ታየ።

ሦስት ጊዜ «ታየ» መደጋገሙ ለጆሮዬ ከበደኝ። መግቢያውን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀለልኩትና «በታችኛው ቀበሌ ሦስት ማሳዎችን ተምች ወረረ» ብዬ ጻፍኩ። ያ ቃል ለእሳቸው ምን እንደሆነ እያወቅሁ መጻፌን ዛሬ ሳስበው ሌላ ምክንያት አላገኝለትም። አማረኝ፣ ጻፍኩት።

ጋሽ ማንዛ በመጀመሪያው ዓመት ሪፖርታቸውን ሁሉ መስመር በመስመር በጣታቸው እየተከተሉ ነበር የሚያነቡት። በኋላ አመኑኝና ቁጥሮቹን ብቻ ያያሉ፤ እኔ የምሳሳተው ቁጥር ላይ ነበርና። ያን ዓርብም ቁጥሮቹን አዩ። ትክክል ነበሩ። ፈረሙ።

ከላይ ሪፖርቱን የተቀበለው ሰው ያነበበው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ መሆን አለበት። በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት አንድ መኪና የጀርባ መርጫ የተሸከሙ ሰዎችን ይዞ ታችኛው ቀበሌ ገባ። ጋሽ ማንዛ ያን ጊዜ ለሥራ ጨንቻ ወጥተው ነበር። ሰው በስልክ ነገራቸውና በመጀመሪያው መኪና ወረዱ። ሲደርሱ የአንደኛው ማሳ ርጭት አልቆ ሁለተኛው ተጀምሯል። በበቆሎው መሐል እየሮጡ ገብተው አስቆሙት። ረጪዎቹ የተፈረመውን ወረቀት አሳዩአቸው። ቃሉን ያዩት ያን ጊዜ ነው።

ከማሳው ጥግ የማርታ ቤት ነበር። ወይዘሮ ማርታ እንደ ጋሽ ማንዛ አፏን በጋሞኛ የፈታች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ በንብ የምትኖር ሴት ነች። ግቢዋ ውስጥ ከሽፈራው (ሞሪንጋ) ዛፎች ሥር አሥራ ስምንት ቀፎ ነበራት። በዚያ ሰዓት ንቡ ሁሉ የበቆሎ አበባ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቀፎዎቹ ፊት መሬቱ በሞተ ንብ ጠቆረ። ማርታ «ንቤ አለቀ» ብላ ልብሷን በከረጢት ከታ፣ አርባ ምንጭ እህቷ ጋ ልትሄድ ተነሥታ ነበር። ጋሽ ማንዛ ሲገቡ ደጃፏ ላይ ጀርባዋን ለቀፎዎቿ ሰጥታ ተቀምጣ አገኟት። አላጽናኗትም። ፊታቸውን ወደ ቀፎዎቹ አዞሩና አንድ በአንድ ጆሯቸውን እየደገኑ ማዳመጥ ጀመሩ፤ የሚከፈተውንም ከፍተው አዩ። ሲጨርሱ መጥተው ፊቷ ቆሙ። አምስት ሞቷል፣ አራት ደክሟል፣ ዘጠኝ ደህና ነው አሏት። አልቋል የሚባለው አሥራ ስምንት ቢሞት ነው አሏት። ከረጢቱ የተፈታው ከዚህ በኋላ ነው። ዘጠኙን ደህና ቀፎ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ንቡ ሲገባ፣ አፉን በጨርቅ እየወተፉ ከማሳው ርቆ ወደሚገኝ ቦታ አዛወሩላት። አራቱን የደከመ ለአንድ ሳምንት በስኳር ውኃ አስታመሙ። ሦስቱ ዳነ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሰው ነው። ጋሽ ማንዛ ወደ እኔ የመጡት ርጭቱ በተደረገ በማግስቱ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ቃሉን በእርሳሳቸው ነኩት።

«ይቺን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ማንዛ።»

«ለምን?»

«ታየ ሦስት ጊዜ ሆነ። ተደጋገመ ብዬ ነው፤ አማርኛው እንዲያምር።»

እርሳሳቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ «ሦስት ጊዜ ስላየሁ ነው ሦስት ጊዜ የጻፍኩት» አሉ።

ወደ ኃላፊያቸው ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ልናገር ተነሣሁ። ተቀመጥ አሉኝ። ፊርማው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የእርስዎ ነው አልኩ። ቃል የፈረመበት ሰው ነው አሉኝ፤ አንተ ባትጽፈው ኖሮ ሌላ ሰው ይጽፍ ይሆናል፣ እኔ ሳላነብ ባልፈርም ኖሮ ግን ማንም አይረጭም ነበር አሉኝ። ማርታ ጋ ልሂድ ብላቸው «ለማርታ እኔ እነግረዋለሁ» አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ያዝኩት። እንዲያልቅልኝም እፈልግ ነበር። ከዚያ ማርታን ገበያ ላይ ባያት ራቅ ብዬ አልፍ ነበር።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ከመስክ ሥራ አንሥተው ወደ ሌላ ወረዳ፣ ወደ ካምባ አዛወሯቸው፤ እዚያ ወረቀት የሚያገላብጡበት ጠረጴዛ ነበር የተሰጣቸው። እስኪሄዱ ድረስ ዓርብ ዓርብ ሪፖርታቸውን ወደ እኔ ማምጣት አልተዉም። ልዩነቱ እንደ መጀመሪያው ዓመት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው ማንበባቸው ነበር። ስለዚያ ቃል ሌላ አንድም ጊዜ አላነሡብኝም። የመጨረሻውን ሪፖርት ወስደው ሲወጡ «መዝገበ ቃላትህን አስጠርዘው፤ ገጽ እየጣለች ነው» አሉኝ።

ቀብራቸው ዕለት ሸምሱ ያመጣት ሚኒባስ ከቀድሞ ከተማችን ሰዎች አሥራ አንዳችንን ይዛ ወጣች። ማርታ ከመጨረሻው ወንበር ነበረች። መንገዱን ሙሉ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ታያለች። ጨንቻ ጉም ነበር። ከቀብሩ በኋላ ቤታቸው ደጃፍ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን፤ ዘማሪዎች ዘመሩ፤ ከዚያ እንደ ቤተ ክርስቲያናቸው ልማድ የሚያውቋቸው ሰዎች እየተነሡ ስለ እሳቸው ይናገሩ ጀመር። እኔና ማርታ አንድ አግዳሚ ላይ ነበርን፤ በመካከላችን ሸምሱ አለ።

የቀድሞ ኃላፊያቸው ተነሡ። ደግ ነገር ተናገሩ። ታማኝነታቸውን፣ በእግር የዞሩትን ቀበሌ ሁሉ አነሡ። መጨረሻ ላይ ግን «ሰው ነውና በሠላሳ ዓመት አንዲት ስህተት ብቻ ሠርቷል፤ እሷንም ደፍሮ ተቀብሏል» አሉ። ለማመስገን ነበር። ማርታ ወደ መሬት እያየች፣ ለእኛ ለሁለታችን ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አንዲቷ እኔ ላይ ወደቀ» አለች።

ሸምሱ ተነሥቶ ውኃ ሊጠጣ ወጣ። ባዶውን ቦታ ተጠግቼ ጋሽ ማንዛ ያን ጊዜ ምን እንደነገሯት ጠየቅኋት።

«ምን ይነግረኛል?» አለች። «ቀፎውን አንሥቶ፣ ስኳር ውኃ አጠጥቶ፣ ሲጨርስ፣ ማን ነው ያን ወረቀት የጻፈ አልኩት። እኔ ነኝ አለኝ። ሌላ አላለም። ከዚያ ወዲያ ሰላም አላልኩትም። በደጄ ሲያልፍ እገባ ነበር። ካምባ ሲሄድም ሊሰናበተኝ መጣ፤ አልወጣሁም።»

«እማማ ማርታ፣ ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ታየ ነበር ያሉት።»

ዞራ አየችኝ። ገና ያልገባት መስሎኝ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ ሦስት ጊዜ መደጋገሙን፣ አማርኛው እንዲያምር ማለቴን፣ ቁጥሩን ብቻ አይተው መፈረማቸውን። ማስታወስ የቻልኩትን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገርኳት።  ስጨርስ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ሁለት ዓመት ተኩል የት ነበርክ?»

 እሳቸው የነገሯት መስሎኝ እንደነበር ነገርኳት።

«ለእኔ ነግረሃል» አለች። «ኃላፊው አሁን ማንዛ አንዲት ስህተት አለው ብሎ ለሕዝቡ ተናግሯል። ልጆቹ ሰምቷል። ተነሥና ተናገር።»

በሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ስነሣ አግዳሚው ሲጢጥ አለና ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከኃላፊው በኋላ የተናገረው ሰው ገና እየተቀመጠ ነበር። ስሜን ነገርኳቸው፤ የጋሽ ማንዛን ሪፖርት የምጽፍ እኔ እንደነበርኩ፣ እሳቸው በእጃቸው «ታየ» ብለው የሰጡኝን «ወረረ» ብዬ የቀየርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ስህተቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ተናገርኩ። ሌላ የምጨምረው አጣሁና ተቀመጥኩ።

ማርታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ድምፅህ ቀጭን ነው» አለች። «ከኋላ ያለው አልሰማም። ልጆቹ እዚያ ነው የተቀመጠው። ድገመው።»

ተነሥቼ ደገምኩት።